ሁለተኛው ንክሻ

አንድ ሰው ተታለለ ሲባል ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ ስለ አታላዩ አይደለም። ማን ነው? ምን ይመስላል? አሁን የት ይገኛል? ብለን አንጠይቅም። «እንዴት አመንከው?» ነው የምንለው። ይህ አነጋገር ጥያቄ ይምሰል እንጂ ፍርድ ነው። ገንዘቡን የተነጠቀው ሰው በዘመድ በጎረቤቱ ፊት ቆሞ፣ አእምሮው ሙሉ መሆኑን እንዲያስረዳ ይገደዳል። አታላዩ ግን በዚህ ችሎት አልተከሰሰም፣ አልተጠራምም። ስሙ ከተነሳም «መቼም ሰውዬው ጮሌ ነው!» በሚል አድናቆት ታጅቦ ነው።

«ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፤ አንድ ጊዜ ሳያይ፣ አንድ ጊዜ ሲያሳይ» የሚል ተረት አለን። የሚተረተው በሞኙ ለመሳቅ ነው። የተነከሰበትን ጉድጓድ ለሰው ላሳይ ብሎ እጁን ሲሰድ ዳግመኛ መነከሱ ያስቃል። ነገር ግን ተረቱን ገልበጥ አድርገን እንየው። ሰውየው ጉድጓዱን ማሳየቱ ምን ክፋት አለው? ሌላው ሰው እንዳይነከስ እያስጠነቀቀ አይደለምን? ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ንክሻ የሚነክሰው እባቡ ሳይሆን፣ ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ንክሻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይገባል። ለሚታለል ሰው የሰጠነው ስም ብዙ ነው፤ ሞኝ፣ ተላላ፣ ጅል፣ ቂል፣ የዋህ። ከእነዚህ ውስጥ «የዋህ» የተከበረ ቃል ነበር። የዋህነት በመጻሕፍትም በሽማግሌ ምርቃትም የሚወደስ ጠባይ ነው። ዛሬ ግን በከተማችን አንድን ሰው «የዋህ ነው» ብለን ስናበቃ ከንፈራችንን የምንመጠው በምክንያት ነው። የምናወድሰው መስለን እያዘንንለት ነው፤ ዕለቱን በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱን እየተጠራጠርን ነው።

በአንጻሩ «አራዳ» የሚለውን እንመልከት። አራዳ የሰፈር ስም ነው። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪዛወር ድረስ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር። እዚያ የዋለ ሰው ብዙ ያያል፣ ብዙ ይሰማል፣ በቀላሉ አይሸወድም። ስለዚህም የሰፈሩ ስም የጠባይ ስም ሆነ። ተቃራኒው ደግሞ «ፋራ» ተባለ። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም፤ ከተማ የገባ ሰው ዓይኑን መግለጡ ተገቢ ነው። ችግሩ የመጣው አለመሸወድ እና መሸወድ በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። ዛሬ አራዳ የምንለው ራሱን የሚጠብቀውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ሌላውን የሚበላውንም ጭምር ነው። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ መስለው ገብተው፣ ሰውን አዋክበው ኪሱን የሚያወልቁት ሥራቸው «ሿሿ» የሚል የጨዋታ ስም ሲወጣለት፣ ወንጀሉ ግማሽ ቀልድ ሆኗል። ቀልድ በሆነ ነገር ደግሞ አቤት ማለት ያሳፍራል።

ለመሆኑ መታለል የአእምሮ ጉድለት ነውን? አንድ የታወቀ ጉዳይ ላስታውስ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ ተመልሶ መጣ። የተላከው ወርቅ አልነበረም፤ ወርቅ የተቀባ ብረት ነበር። በካዝናው ያለው ሁሉ ይመርመር ተባለ፣ ሻጮችም፣ የባንኩ ሰዎችም፣ የወርቁን ጥራት መርምሮ መመስከር ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎችም ተይዘው ምርመራ ተደረገባቸው። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ያን ጊዜ «ይህ ባንክ ምን ያህል ሞኝ ነው!» ብሎ ነገሩን በዚያ የዘጋ አልነበረም። ሁሉም የጠየቀው «ማን አደረገው?» ብሎ ነው።

አሁን ደግሞ እንበልና አንዲት እናት ከክፍለ አገር መጥተው አውቶቡስ ተራ ይወርዳሉ። አንዱ መንገድ ላይ የወደቀ ቀለበት «አነሳ»፤ ሌላው ደርሶ «ወርቅ ነው፣ እንካፈል» አለ። እናት መቀነታቸውን ፈትተው ያላቸውን ሰጡ፤ ቀለበቱን ይዘው ወርቅ ቤት ሲሄዱ ነሐስ ሆኖ ተገኘ። ለእርሳቸው የምንመልስላቸው ምንድን ነው? «እማማ፣ ደግሞ እንዴት ያምናሉ!» ነው። የባንኩ ብረትና የእናትየው ነሐስ የተቀቡት አንድ ዓይነት ቅብ ነው። ልዩነቱ ባንኩ መዝገብ፣ ጠበቃ፣ ባለሙያና ፖሊስ አለው፤ እርሳቸው መቀነት ብቻ። እንግዲህ «ሞኝ» የምንለው አእምሮው የጎደለውን ሳይሆን፣ ሲታለል የሚጮህለት ያጣውን ነው ማለት አይደለምን?

የባንኩ ጉዳይ ሌላም ትምህርት አለው። ባንኩ ራሱ ወርቅ አይቀምስም፣ አይነክስም። የሚያምነው የመርማሪውን ምስክርነት ነው። እኛም ሁላችን እንደዚያው ነን። በጠዋት ተነስተን እስክንተኛ የምንኖረው ያልመረመርነውን በማመን ነው። እንጀራው ውስጥ ሰጋቱራ፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት እየገባ ሲሸጥ ተያዘ የሚል ወሬ በተደጋጋሚ ሰምተናል። ከጉሊት በርበሬ የምትገዛ ሴት ቤተ ሙከራ ይዛ ልትዞር ነው? መድኃኒት የሚገዛ በሽተኛ እንክብሉን ሰባብሮ ሊመረምር ነው? እምነት የሞኝ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከተማ የሚባለው ነገር የቆመበት ምሰሶ ነው። አታላዩ የሚሰርቀውም የአንዱን ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ነገ እውነተኛው ወርቅ ያለው ሰው ወርቁን ሲሸጥ፣ እውነተኛው ችግረኛ እጁን ሲዘረጋ፣ የሚያምናቸው ያጣሉ። የእነርሱን ጉዳት ማንም አይቆጥረውም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ቆይ እንጂ! ሰው ለራሱ ኃላፊነት የለበትም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቸል ብዬ ባልፈው አታላይ መሆኔ ነው። ለምሳሌ ብር እናባዛለን፣ ጥቁር ወረቀት በመድኃኒት አጥበን ዶላር እናደርጋለን በሚሉ ሰዎች የሚበላ አለ። ይህ ሰው የተታለለው ሐሰተኛ ገንዘብ ለመሥራት ተስማምቶ ነው። ወንጀሉ እውነት ቢሆንለት ኖሮ አያለቅስም ነበር። እርሱንና ባለነሐሷን እናት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ ከሚታለሉት መካከል ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎችን መለየት ይገባል ባይ ነኝ። አንደኛው ያመነ ነው፤ ሊታመን የሚገባውን ሰው ወይም ምልክት አምኖ የተጎዳ። ሁለተኛው የቸገረው ነው፤ ጥርጣሬ ሳይገባው ቀርቶ ሳይሆን ሌላ በር ስላጣ የገባ። ሦስተኛው የቋመጠ ነው፤ ሳይሠራ ለመብላት፣ ከሌላው ኪስ ለማግኘት የሮጠ። እኛ ሦስቱንም «ሞኝ» በሚል አንድ ከረጢት እንከታቸዋለን። በዚህም ያመነውን እናዋርዳለን፣ የቸገረውን እንረግጣለን፣ የቋመጠውን ደግሞ፣ ነገሩ ይገርማል፣ ከጥፋቱ ነጻ እናወጣዋለን። ሞኝ ከተባለ ስግብግብ መባል ቀረለታላ!

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከወሬያችን የተሻለ አስተዋይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1704፣ አንዱ ወገን በተንኮል ሥራ ሌላውን ባያታልል ኖሮ ውሉ የማይደረግ ከነበረ፣ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ተራ ውሸት ግን በደፈናው ውል አያፈርስም፤ ገበያ ላይ «የእኔ ዕቃ የሌለ ነው» የሚለውን ሁሉ ማመን የገዢው ዕዳ ነው። ይህ የግል ኃላፊነት ድርሻ ነው። ሆኖም በአንቀጽ 1705 እንደተመለከተው በሁለቱ መካከል ልዩ መተማመንና ታማኝነትን የሚጠይቅ ግንኙነት ካለ፣ በክፉ ልቡና ወይም በቸልተኝነት የተነገረ ውሸትም ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ይበልጥ የሚያስደንቀው አንቀጽ 1710 ነው። ውሉ ለአንደኛው ወገን ስላደላ ብቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን የተጎዳው ሰው የተስማማው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በንግድ ሥራ ግልጽ የሆነ ልምድ ማጣቱን ሌላው መጠቀሚያ አድርጎበት ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይነትን ሲያስቀጣ፣ ሐሰት የተናገረውን ብቻ ሳይሆን ሌላው ሰው በራሱ የያዘውን የተሳሳተ እምነት መጠቀሚያ ያደረገውንም ይጨምራል። እንግዲህ በጎረቤት ችሎት የአታላዩ መከላከያ የሆነው «ራሱ ሞኝ ነው» የሚለው ቃል፣ በሕጉ ፊት ብዙ ጊዜ የክሱ አካል ነው።

የቸገረውን ሰው ጉዳይ ትንሽ ሰፋ ላድርገው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ሁሉም በደላላ የተታለሉ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ሥራ ሰርተው ቤተሰብ የረዱ ብዙ ናቸው። በደላላ ወሬ ተሸንግለው የሄዱትም ግን ነበሩ። ለእነዚህ የተሰጠው መልስ «እየሰማሽ አይደለም እንዴ የሄድሽው?» የሚል ነበር። አዎን፣ እየሰማች ነው የሄደችው። የመከራውን ወሬ ሰምታለች፣ የደላላውንም ተስፋ ሰምታለች፣ የእናቷንም ሳል በየሌሊቱ ሰምታለች። ከሦስቱ ድምፆች የትኛው እንደበረታባት የምንፈርድ እኛ ማን ነን? ደላላው የሸጠላት ውሸት በእርግጥ ብልህ ውሸት አልነበረም። ብልህ መሆንም አላስፈለገውም፤ ችግሯ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

እንግዲህ የመጠርጠር ግዴታ የሚበረታው በማን ላይ ነው? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ይተርካል። መርከቡ አርጅታለች፣ ጥገና ሳያስፈልጋት አልቀረም። ሰውየው ግን «ስንት ጉዞ በሰላም ደርሳ የለ፣ ፈጣሪም ይጠብቃታል» እያለ ራሱን አሳመነ፤ ስደተኞች ጭና ተነሳች፣ ባሕር ላይም ሰጠመች። ክሊፎርድ ይህ ሰው ከልቡ አምኖ ነበር ቢባል እንኳ በደለኛ ነው ይላል፤ ያለ ማስረጃ የማመን መብት አልነበረውምና። ከዚያም ተነስቶ በቂ ማስረጃ ሳይኖር ማመን ለማንም፣ የትም፣ መቼም ስህተት ነው ወደሚል ጥብቅ ድምዳሜ ይደርሳል።

በባለመርከቡ ላይ የተፈረደው ፍርድ ትክክል ነው። ድምዳሜው ላይ ግን አንድ ነገር የተረሳ ይመስለኛል። በመርከቧ ላይ የተሳፈሩት ስደተኞችም እኮ አምነዋል! እነርሱም ሳይመረምሩ ነው የተሳፈሩት። በአንድ እምነት ባለቤቱ በደለኛ፣ ተሳፋሪዎቹ ንጹሕ የሆኑት በምን ምክንያት ነው? ባለቤቱ የመርከቧን ሆድ ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፤ እነርሱ አይችሉም። እርሱ በእምነቱ ያስያዘው የሌሎችን ሕይወት ነው፤ እነርሱ የራሳቸውን። ስለዚህ የግል ኃላፊነት ሚዛኑ ይህ ይመስለኛል፤ የመመርመር አቅም በጨመረ ቁጥር፣ አደጋው ላይ የሚወድቀውም የሌላው ሰው ንብረት በሆነ መጠን፣ በቀላሉ ማመን ከየዋህነት ወደ በደል ይለወጣል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። ምንም ማጣራት የማይችለውን ተሳፋሪ «ለምን አላጣራህም?» እንለዋለን፤ ማጣራት የሚችለው ባለመርከብ ግን «እኔም እንደ እናንተ ተታልያለሁ» ሲል ከንፈር እንመጥለታለን።

ይህ በሰው አገር የታየ ነገር ነው። ዘዴው አሮጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ፣ ከኋላ የመጡትን ገንዘብ ለፊተኞቹ ትርፍ አስመስሎ ሲከፍል ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ተዘግታ በኖረችው አልባንያ ይህ ዘዴ ከሰባ ዓመት በኋላ ሲገባ፣ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ያህል ገንዘቡን አስገባ። ቤቱን የሸጠ፣ ከብቱን የሸጠ ገበሬ ነበር። የኩባንያዎቹ ዕዳ ወደ 1 ነጥብ 2 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ይህም ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ግማሽ የሚጠጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲፈራርስ መንግሥት ወደቀ፣ በተነሳው ብጥብጥ ወደ 2,000 ሰው ሞተ። አንድ ሕዝብ በሙሉ ሞኝ ሆኖ ነበር እንበል? ወይስ ገበያ ምን እንደሆነ ገና ያልለመደ ሕዝብ፣ በኩባንያዎቹ ድግስ ላይ ባለሥልጣናቱን ሲያይ የመመርመሩ ሥራ የተሠራለት መሰለው? ባለሥልጣኑ ባለመርከብ ነው፤ ገበሬው ተሳፋሪ ነው።

በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ሰው ባመጣህ ቁጥር ትከፈላለህ የሚለውን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል። በዚህ ሽያጭ ውስጥ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። የገባ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ ሌላ ሰው ማስገባት አለበት። ማንን ያስገባል? የሚያምነውን ነው፤ እኅቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የማኅበሩን ሰው። ትላንት ተሳፋሪ የነበረው ዛሬ ትኬት ቆራጭ ሆነ ማለት ነው። የራሱን ገንዘብ ሲያስገባ ቢሞኝ የራሱ ጉዳይ ነው፤ የአክስቱን ጡረታ ሲያስገባ ግን «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል አይበቃም። ስማቸው የታወቀ ሰዎች ገንዘብ ተቀብለው የማያውቁትን ድርጅት ሲያስተዋውቁ፣ የሃይማኖት መሪ ምእመኑ ፊት አቁሞ «ወንድማችን ነው» ሲል፣ ሪባን ቆራጩ ሹም ፎቶግራፍ ሲነሳ፣ የሚያበድሩት የራሳቸውን እምነት አይደለም፤ ሕዝቡ በእነርሱ ላይ ያኖረውን ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የተባለው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ማንንም አትመኑ ነው ምክርህ?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም። አያቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ ዛሬም አለ፤ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ያለ እምነት አንድ ሳምንት አያድርም። ሆኖም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣው የሚወጣው በሁሉም ፊት ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰውም ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ዋስ ጥራ ሲባል «ሌባ ነህ ተባልኩ» ብሎ የሚቆጣ የለም፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው የሌሎቹን ገንዘብ እንደያዘ ሁሉም ያውቃል። ጥንቃቄው የተጣለው ገና በሚከፍለው ላይ ሳይሆን በተቀበለው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ሲታለሉም ብቻቸውን አይደሉም፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ይቆማል። ዕቁብ እምነትን በጥርጣሬ አልለወጠውም፤ አጥር ሠራለት እንጂ።

ለአላፊ አግዳሚው፣ በስልክ «ሎተሪ ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ለሚባለው፣ እንዲህ ያለ አጥር የለውም። አጥሩ ሊሆን የሚችለው ቀድሞ የተነከሰው ሰው ወሬ ነው። ያም ወሬ እንዳይነገር የሚያደርገው የእኛ ሳቅ ነው። የተታለለ ሰው ለባለቤቱ ይደብቃል፣ ለልጆቹ ይደብቃል፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል። ገንዘቡን አንድ ጊዜ አጥቷል፤ ስሙን መድገም አይፈልግም። አታላዩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከተሰወረበት ሰፈር ይበልጥ የሚሰውረው የተበዳዩ እፍረት ነው፤ ያንን እፍረት የምናቀርብለት ደግሞ እኛ ነን፣ ያለ ክፍያ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ «ተበላሁ» ሲለን፣ «እንዴት አመንከው?» የሚለውን ለጊዜው ዋጥ እናድርገው። የቋመጠ ከሆነ ያንን ለመንገር ጊዜ አናጣም፤ እርሱም ሳያውቀው አይቀርም። አስቀድመን ግን «የት ነው? ምን አለህ? ምን ይመስላል? ከማን ጋር ነበር?» እንበለው፤ የሚያመለክት ከሆነም አብረነው እንሂድ። ሰውየው ጉድጓዱን ሊያሳየን እጁን ዘርግቷል። እባቡ አሁንም እዚያው ውስጥ ነው።